የማንግሮቭ ዛፍን በቤት ውስጥ አኳሪየም ማሳደግ

ማንግሮቭ የባሕር ውሃ በየቀኑ እየሞላ በሚጎድልበት ጭቃማ ዳርቻ፣ ሥሩን በጨዋማ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉን ደግሞ በአየር ላይ አድርጎ የሚኖር ዛፍ ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው በአብዛኛው በሰሜን 30 ዲግሪና በደቡብ 30 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል ባሉ ሞቃት የባሕር ጠረፎች ሲሆን፣ ውርጭን አይቋቋምም። ይህ ዛፍ በመኖሪያ ቤት፣ ዓሣ በሚኖርበት የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ለብዙ ዓመታት ጤናማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰዎች ግን ማንግሮቭን የሚያስቡት እንደ ውሃ ማጣሪያ ብቻ ነው፤ ባጣራው መጠን ሳይረኩ ሲቀሩም ይጥሉታል። በእኔ እምነት ይህ ዛፍ ሊያዝ የሚገባው ስለ ራሱ ነው፤ ሥሩ በውሃ ውስጥ ሲዘረጋ ማየትና በዚያ ሥር መካከል ትንንሽ ፍጥረታት ሲጠለሉ መመልከት ለድካሙ በቂ ዋጋ ነው።

ማንግሮቭን ለማሳደግ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቦታውን፣ ብርሃኑንና የውሃውን ዓይነት አስቀድሞ መወሰን፣ ከዚያም በኋላ ተክሉን ሳይነካኩ መጠበቅ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በቤት ውስጥ ማንግሮቭን በዋናነት የሚገድለው የጨው መጠን ድንገተኛ ለውጥና በየጊዜው ከቦታ ቦታ መዛወር ነው።

የትኛው ዝርያ ይሻላል?

በገበያ ላይ በአብዛኛው የሚገኘው ቀይ ማንግሮቭ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሪዞፎራ ማንግል ይባላል። ጥቁር ማንግሮቭ የሚባለው አቪሴኒያ ገርሚናንስና ነጭ ማንግሮቭ የሚባለው ላጉንኩላሪያ ራሴሞሳ አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ሦስቱም ጨው ባለበት ውሃ የሚኖሩ ቢሆኑም የሚኖሩበት ዘዴ የተለያየ ነው። ቀዩ ማንግሮቭ ውሃውን በሚስብበት ጊዜ አብዛኛውን ጨው ከሥሩ ላይ አግዶ ያስቀራል። ጥቁሩ ግን የገባውን ጨው በቅጠሉ ላይ ባሉ ዕጢዎች አማካኝነት መልሶ ያስወጣል፤ በዚህም ምክንያት በቅጠሉ ገጽ ላይ የጨው ፍሬዎች በዓይን ይታያሉ። በተጨማሪም ጥቁሩ ከጭቃው ውስጥ ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚወጡ የመተንፈሻ ሥሮች ስላሉት ሰፊ የጭቃ ወለል ይፈልጋል።

ለጀማሪ ያለምንም ማመንታት ቀዩን እመክራለሁ። ቡቃያው ትልቅ ነው፤ በውስጡ ብዙ ስንቅ ይዟል፤ ጨው በሌለበት ውሃም፣ በከፊል ጨዋማ ውሃም፣ በሙሉ የባሕር ውሃም ሊያድግ ይችላል። ከግንዱ ተነሥተው እንደ ቅስት እየታጠፉ ወደ ታች የሚወርዱት ደጋፊ ሥሮችም የዚህ ዝርያ መለያ ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ፣ ሌላ ካልተጠቀሰ በስተቀር፣ ስለ ቀዩ ማንግሮቭ ነው።

ቡቃያውን መምረጥ

ቀይ ማንግሮቭ እንደ ሌሎች ዛፎች ደረቅ ዘር አይጥልም። ዘሩ በፍሬው ውስጥ ሳለ፣ ከእናት ዛፉ ሳይለይ ይበቅላል፤ ከፍሬውም ወጥቶ እንደ አረንጓዴ ዘንግ ወደ ታች እየረዘመ ይንጠለጠላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ ከወደቀም በኋላ በባሕር ላይ እየተንሳፈፈ ለወራት በሕይወት መቆየት ይችላል። በመጀመሪያ በአግድሙ ይንሳፈፋል፤ ቀስ በቀስ የታችኛው ጫፉ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጥልቀት የሌለው ቦታ ሲያገኝም ሥር ይሰዳል። እንግዲህ ገዥ የሚቀበለው ዘር ሳይሆን ሕይወቱን የጀመረ ችግኝ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ጥሩ ቡቃያ ጠንካራ፣ አረንጓዴ ወይም አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ሲጫኑት የማይሰረጉድ ነው። የተጨማደደ፣ የለሰለሰ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበት ወይም የበሰበሰ ሽታ ያለው ሊገዛ አይገባም። ከሁሉ በላይ በላይኛው ጫፍ ያለችውን ቀጭን እምቡጥ ይመርምሩ። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች የሚወጡት ከእርሷ ነው፤ ከተሰበረች ወይም ከደረቀች ቡቃያው የሚተርፍበት ዕድል በጣም ያንሳል። ላይኛውን ከታችኛው ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም፤ የታችኛው ጫፍ ወፈር ያለና ቡናማ ሲሆን፣ የላይኛው ቀጭን ሆኖ እምቡጧን ይይዛል። አንዳንድ ጊዜ በእምቡጧ ላይ የፍሬው ክፍል እንደ ቆብ ተጣብቆ ይመጣል፤ ይህን በእጅ ጎትቶ ማውለቅ እምቡጧን ሊሰብራት ስለሚችል ጊዜው ሲደርስ በራሱ እንዲወድቅ መተው ይሻላል።

ቅጠል ያወጣ ችግኝ መግዛትም ይቻላል፤ ነገር ግን ሥሩ በመጓጓዝ ጊዜ በቀላሉ ይሰበራል፣ ቀድሞ ከነበረበት ውሃም ጋር ተላምዷል። ስለዚህ ሻጩን በምን ያህል ጨው ውስጥ ይዞት እንደ ነበር መጠየቅ ግድ ነው። ይህ ጥያቄ ከዋጋው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ገንዳውና ብርሃኑ

ለማንግሮቭ የሚመቸው ጥልቅና ጠባብ ገንዳ ሳይሆን ሰፊና ጥልቀቱ ያነሰ፣ ከላይ ክፍት የሆነ ገንዳ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እምቡጧና ቅጠሎቹ ፈጽሞ በውሃ መሸፈን የለባቸውም። አንድ 25 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቡቃያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህሉ በአሸዋ ውስጥ ቢቀበርና ከአሸዋው በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢኖር፣ ከውሃው በላይ የሚተርፈው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዳው ጥልቅ ከሆነ ከወለሉ ላይ መትከል አይቻልም፤ ከላይ አንጠልጥሎ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ወደዚህ ጉዳይ እንመለሳለን። ከገንዳው በላይ ለዛፉ ቁመትና ለመብራቱ የሚሆን ቢያንስ አንድ ሜትር ክፍት ቦታ ቢኖር መልካም ነው።

የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ተክሉ ያለ ችግር ያድጋል። ለዓሣዎች ተብሎ የተገጠመው የውሃ ማሞቂያ ለዛፉም ይበቃል፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ቅጠሉ ያለው በአየሩ ውስጥ እንጂ በውሃው ውስጥ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ከማቀዝቀዣ መሣሪያና ሌሊት ከሚከፈት መስኮት የሚመጣ ነፋስ በቀጥታ እንዳያገኘው ያድርጉ።

ብርሃን ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ወሳኝ ነው። ማንግሮቭ በተፈጥሮው ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ ቡቃያው በውስጡ ባከማቸው ስንቅ ስለሚኖር፣ በደካማ ብርሃን ውስጥ ቢቀመጥም ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ፣ አልፎ ተርፎም ጥቂት ቅጠሎች ሊያወጣ ይችላል። ባለቤቱም ሁሉ ነገር ደህና ነው ብሎ ያምናል። ስንቁ ሲያልቅ ግን አዲስ ቅጠል ማውጣት ያቆማል፤ ያሉትም አንድ በአንድ ይረግፋሉ፤ ያኔ ጉዳቱ ከብርሃን እጥረት የመጣ መሆኑን ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቂ ብርሃን መስጠት ይገባል።

ለቅጠሉ የሚሆነው ለዕፅዋት ተብሎ የተሠራ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ነው፤ ወደ 6500 ኬልቪን የሚጠጋ የብርሃን ቀለም ተስማሚ ሲሆን፣ በቀን ለ10 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ቢበራ ይበቃል። ለኮራል ተብለው የሚሠሩት በአብዛኛው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡ መብራቶች ለዚህ ዛፍ የተመረጡ አይደሉም፤ ገንዳው ኮራል ያለበት ከሆነ ለዛፉ የራሱን መብራት መስጠት የተሻለ ነው። መብራቱን ከቅጠሉ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አርቆ መስቀል፣ ከዚያም የእጅን ጀርባ በቅጠሉ ከፍታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይዞ ሙቀቱን መፈተን ያስፈልጋል፤ እጁን ካቃጠለው ቅጠሉንም ያቃጥላል። ዛፉ እያደገ ሲሄድ መብራቱ አብሮ ከፍ ማለት አለበት። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ካለ ከመብራት ሁሉ ይበልጣል፤ ችግሩ ያው ፀሐይ ውሃውን በአልጌ የሚሞላው መሆኑ ነው። ለዚህ መፍትሔው በመስኮቱ በኩል ያለውን የገንዳውን ጎን ከውጭ በጥቁር ወረቀት መሸፈን ነው፤ ቅጠሉ ፀሐይ ያገኛል፣ ውሃው ግን ይጋረዳል።

መትከል

ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ቡቃያውን በአሸዋ ወይም በጭቃ ውስጥ መትከል ነው። ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ደቃቅ አሸዋ፣ ቢቻል ከባሕር ደለል ጋር ተደባልቆ፣ ጥሩ ወለል ይሆናል። ቡቃያውን ለማቆም የሚበቃውን ያህል ብቻ፣ ቢበዛ እስከ ሲሶው ድረስ ይቅበሩት፤ ከዚያ በላይ መቅበር ለመበስበስ ያጋልጠዋል። እንዲህ ያለ ወለል ከጊዜ በኋላ ከሥሩ ኦክስጅን ያጣና ይጠቁራል፤ ሲነካም የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይሰጣል። ይህ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ ነው። ለማንግሮቭ እንዲህ ያለ ጭቃ የተፈጥሮ ቤቱ ስለሆነ ጉዳት አያደርስበትም፤ ዓሣዎች ባሉበት ግን ወለሉን መቆፈርና ማማሰል ጋዙን ወደ ውሃው ስለሚለቅ አደገኛ ነው። አንድ ጊዜ የተተከለ ማንግሮቭ እንዳይነቀል የምለው ለዛፉ ብቻ አይደለም፤ አብሮት ለሚኖረውም ጭምር ነው።

ማንግሮቭ በእንዲህ ያለ አየር አልባ ጭቃ ውስጥ የሚኖረው እንዴት እንደሆነ ማወቅ አያያዙን ያቀልላል። ከውሃው በላይ በሚገኘው የደጋፊ ሥሮቹ ቅርፊት ላይ ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉ፤ በእነርሱ የሚገባው አየር በሥሩ ውስጥ ባሉ ስፖንጅ መሰል ክፍተቶች አልፎ እስከ ታች ይደርሳል። ሾላንደርና ባልደረቦቹ በ1955 ባሳተሙት ጥናት እነዚህን ቀዳዳዎች በቅባት ሲደፍኗቸው በጭቃው ውስጥ ባለው ሥር የነበረው ኦክስጅን ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው፤ የገንዳውን ውሃ በድንገት ከፍ አድርጎ አየር ላይ የነበሩትን ሥሮች መሸፈን፣ ወይም አልጌ ቅርፊታቸውን እንዲያለብሰው መተው ዛፉን ማፈን ነው። የተለበሰውን ቅርፊት በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ ቡቃያውን በገንዳው አናት ላይ አንጠልጥሎ፣ የታችኛው ሲሶ ብቻ በውሃ ውስጥ እንዲሆን ማድረግ ነው። የተቦረቦረ ፎም፣ በገንዳው ጠርዝ ላይ የሚያዝ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ወይም ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ይህን ያገለግላል። ብረት ነክ ነገር በጨዋማ ውሃ ስለሚዝግና ስለሚሟሟ ሊገባ አይገባም። ይህ መንገድ ለጥልቅ ገንዳ ብቸኛው ምርጫ ከመሆኑም በላይ ሥሩ ሲወጣና ሲያድግ በግልጽ እንዲታይ ያደርጋል። በዚህ ዓይነት የጀመረውን ቡቃያ ወደ አሸዋ ለማዛወር የሚታሰብ ከሆነ ሥሩ ገና ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሳለ ማዛወር ይገባል፤ በውሃ ውስጥ የረዘመ ሥር ተሰባሪ ነው።

በሁለቱም መንገዶች መጀመሪያ የሚወጣው ሥሩ ነው። ቅጠል ለመታየት ከጥቂት ሳምንታት እስከ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቡቃያውን እያወጡ ሥሩን መመርመር፣ ከአሸዋ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አሸዋ ማመላለስ የተጀመረውን ሥር ሁሉ ይሰብራል። ቡቃያው ጠንካራና አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ በሕይወት አለ። እምቡጧ ቀስ በቀስ ስታብጥና ስትከፈት፣ ሁለት አንጸባራቂ ቅጠሎች ጎን ለጎን ሲዘረጉ ማየት የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ነው።

የጨው ጉዳይ

ማንግሮቭ ጨው የሚፈልግ ተክል ነው የሚለው የተለመደ አባባል በትክክል ሊስተካከል ይገባዋል። ዛፉ ጨውን ይችላል እንጂ ያለ ጨው መኖር አያቅተውም። የባሕር ውሃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ይህ ጨው ከተክሉ ሥር ውሃ ሊስብ የሚችልበት ግፊት ወደ 25 አትሞስፌር ይጠጋል። ዛፉ እያንዳንዱን ጠብታ የሚጠጣው ይህን ግፊት አሸንፎ ነው። ስለዚህም በቤት ውስጥ ፈጣንና ለምለም ዕድገት የሚታየው ከፊል ጨዋማ በሆነ ውሃ፣ ማለትም በሃይድሮሜትር (የውሃን ክብደት ጨው ከሌለበት ውሃ ጋር እያነጻጸረ ጨዋማነቱን በሚያሳይ መሣሪያ) ከ1.005 እስከ 1.015 በሚነበብ ውሃ ውስጥ ነው። በሙሉ የባሕር ውሃ፣ ማለትም በ1.025 አካባቢ፣ ዛፉ ይኖራል፤ ዕድገቱ ግን ይዘገያል።

ከዚህ የተነሣ ምርጫው በገንዳው ነዋሪዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ገንዳው ለዛፉ ተብሎ የሚዘጋጅ ከሆነ ከፊል ጨዋማ ውሃን ይምረጡ። የኮራል ገንዳ ቀድሞ ካለ ግን ዛፉ ወደ ኮራሉ ውሃ መምጣት አለበት፤ ይህም በዝግታ ሊሆን ይገባል። ጨው በሌለበት ውሃ የነበረ ችግኝ በሳምንት በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም ብቻ እየተጨመረለት፣ ከሦስት እስከ አራት ወር በሚወስድ ጊዜ ውስጥ ወደ ሙሉ የባሕር ውሃ ቢደርስ ጤናው ይጠበቃል። ለዚህ ሥራ ዛፉን በተለየ ባልዲ ወይም ትንሽ ገንዳ ውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል። በአንድ ቀን የተደረገ ዝውውር ውጤቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ቅጠሎቹ ከጫፋቸው እየደረቁ ይረግፋሉ።

ጨው ሲባል ለአኳሪየም ተብሎ የሚዘጋጀው የባሕር ጨው ማለት ነው። የወጥ ጨው ከሶዲየምና ከክሎሪን በስተቀር የሚሰጠው ነገር የለም፤ የባሕር ውሃ ግን በሊትር 1300 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዚየምና 400 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይይዛል፤ ዛፉ ሁለቱንም ይፈልጋል። ለመለኪያ፣ ብርሃን በውሃው ውስጥ ሲያልፍ በሚታጠፍበት መጠን ጨውን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር ከተንሳፋፊ ሃይድሮሜትር ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን 35 ግራም ጨው በያዘ የመለኪያ ፈሳሽ አልፎ አልፎ መስተካከል አለበት።

የዕለት ተዕለት እንክብካቤ

ዛፉ ውሃውን እየጠጣ ጨውን ከሥሩ ላይ ያስቀራል፤ ከክፍት ገንዳ የሚተነውም ውሃ ጨውን ትቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የጎደለው ውሃ መሞላት ያለበት ጨው በሌለበት ውሃ ነው። በጨዋማ ውሃ የሚሞላ ሰው ሳያስበው ገንዳውን ከሳምንት ወደ ሳምንት እያጨወየው ይሄዳል። በመስታወቱ ላይ የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ምልክት አድርጎ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ እስከዚያ መሙላት በጣም ቀላሉ ዘዴ ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን የሚያስወግድ መድኃኒት ሊጨመርበት ይገባል፤ በልዩ ማጣሪያ የተጣራ ውሃ ካለ ግን ይመረጣል።

ቅጠሎቹን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጨው በሌለበት ንጹህ ውሃ መርጨት ይጠቅማል። ቀዩ ማንግሮቭ ጨው የሚያስወጣ ዕጢ በቅጠሉ ላይ ስለሌለው፣ በቅጠሉ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር በአብዛኛው ከገንዳው የተፈናጠረ ውሃ ደርቆ ያስቀረው ጨው ነው፤ ከአቧራም ጋር ሆኖ ብርሃን ይከለክላል፣ ቅጠሉንም ያቃጥላል። አረፋ የሚያወጣው የአየር ቱቦ ከዛፉ ርቆ ቢቀመጥ ይህ ችግር በግማሽ ይቀላል። ከደረቅ ክፍል ይልቅ እርጥበት ያለበት ክፍል ለአዳዲስ ቅጠሎች ይስማማል።

ምግብን በተመለከተ፣ ዓሣዎች ያሉበት ገንዳ ለዛፉ የሚበቃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሰጠዋል። የሚጎድሉት በአብዛኛው ማግኒዚየምና ብረት ናቸው፤ ጨው በሌለበት ወይም ባነሰበት ውሃ ደግሞ ማግኒዚየም ይበልጥ ይጎድላል። ጉድለቱን ቅጠሉ ራሱ ይናገራል። አዲስ የወጡ ቅጠሎች ገርጥተው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር ብረት እንደጎደለ ያመለክታል፤ ያረጁ ቅጠሎች በጅማታቸው መካከል ቢጫ ሲሆኑ ማግኒዚየም ጎድሏል። ጫፉ ቡናማ ሆኖ የሚጠቀለል ቅጠል የጨው፣ የድርቀት ወይም የመብራት ሙቀት ተጎጂ ነው። ከታች ያለ አንድ አሮጌ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቢወድቅ ግን የዛፉ የተለመደ ሥርዓት ስለሆነ አያስጨንቅም። ለአትክልት ተብለው የሚሸጡ ማዳበሪያዎችን ወደ ገንዳው ከመጨመር መቆጠብ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ መዳብ አላቸው፤ መዳብ ደግሞ ለሽሪምፕ፣ ለሸርጣንና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው። ሥሩ አጠገብ በአሸዋው ውስጥ የሚቀበሩ፣ ለአኳሪየም ዕፅዋት የተዘጋጁ የማዳበሪያ እንክብሎች ይሻላሉ።

በቤት ውስጥ ያለ ማንግሮቭ ዝናብና ነፋስ ስለማያገኝ ጥቃቅን ተባዮች ይወዱታል፤ ቅርፊት መስለው ግንዱ ላይ የሚለጠፉ፣ ጥጥ መስለው በቅጠሉ ብብት የሚሸሸጉ፣ ቀጭን ድር የሚያደሩም አሉ። ፀረ ተባይ መድኃኒት ከገንዳ በላይ መርጨት የውሃውን ነዋሪዎች ይፈጃል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በጥጥ የተያዘ አልኮል ተባዩ ላይ ብቻ መንካትና ቅጠሎቹን ደጋግሞ በውሃ ማጠብ ትዕግሥት ካለ ይበቃል።

መግረዝና ሥርን መምራት

በዱር ቀይ ማንግሮቭ ብዙ ሜትሮች ይረዝማል፤ በገንዳ ውስጥ ግን በመግረዝ ከአንድ ሜትር በታች አድርጎ ለዓመታት ማቆየት ይቻላል። መግረዝ የሚጀመረው ዛፉ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ጥንድ ቅጠሎች ካወጣና ግንዱ እንጨት ከሆነ በኋላ ነው። ቁርጡ ከአንድ ጥንድ ቅጠል ትንሽ ከፍ ብሎ ሊሆን ይገባል፤ በእነዚያ ቅጠሎች ብብት ያሉት እምቡጦች ነቅተው ሁለት ቅርንጫፎች ይሆናሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ይህ ዛፍ ካረጀና ቅጠል ከሌለው እንጨት ላይ እንደገና የማቆጥቆጥ ችሎታው እጅግ አነስተኛ ነው። ሌሎች ዛፎች እስከ ጉቶ ድረስ ተቆርጠው ሲያንሰራሩ ስላየ ማንግሮቩንም እንዲሁ የሚቆርጥ ሰው ቅርንጫፉን ለዘለዓለም ያጣዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ሁልጊዜ ቅጠል ይተዉ፤ በአንድ ጊዜም ከቅጠሉ ሩብ ያህሉን እንኳ አይቁረጡ።

ቅስት ሆነው የሚታዩ ደጋፊ ሥሮችን ለማግኘት የተንጠለጠለውን ዛፍ በየጥቂት ሳምንቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከውሃ የወጣው የሥር ክፍል ቀስ በቀስ ቅርፊት ያበጅና እየጠነከረ ዛፉን መሸከም ይጀምራል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተነሣ ግን ይደርቃል። ሥሩ ወደ ፓምፑ መምጠጫና ወደ ውሃ መውረጃው ቱቦ እንዳይገባ መምጠጫውን በስፖንጅ መሸፈን ያስፈልጋል። ሥሩን ለመወሰን የሚፈልግ ሰው ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ማሰሮ ውስጥ ተክሎ ማሰሮውን በገንዳው ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ ገንዳው ሲጸዳም ዛፉ ከነአፈሩ ሳይታወክ ይነሣል።

ስለ ማጣራትና ስለ ነዋሪዎቹ

ማንግሮቭ ናይትሬትና ፎስፌትን ከውሃው እንደሚወስድ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ተክል የሚወስደው በሚያድገው ልክ ነው፤ ማንግሮቭም ዝግ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ጥቂት ወጣት ማንግሮቮች ዓሣ የበዛበትን ገንዳ ሊያጸዱ አይችሉም። ለዚህ ሥራ ካቶሞርፋ የሚባለው ፈጣን አልጌ እጅግ ይበልጣቸዋል፤ በየጊዜው እየታጨደ ሲወጣ የያዘውን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። የወደቁ የማንግሮቭ ቅጠሎችም በውሃ ውስጥ ከተተዉ የወሰዱትን መልሰው ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ሳይበሰብሱ መልቀም ይገባል። የውሃ ማጣሪያውንና በየጊዜው የሚደረገውን የውሃ ቅያሪ በማንግሮቭ ለመተካት መሞከር ዓሣዎቹን መበደል ነው።

ዛፉ የሚሰጠው ትልቁ ነገር መጠለያ ነው። ከፊል ጨዋማ በሆነ ገንዳ ውስጥ ሞሊ የሚባሉት ዓሣዎች ከማንግሮቭ ጋር በሚገባ ይስማማሉ። በክንፉ ጭቃ ላይ የሚሄደው ማድስኪፐር ከውሃ የሚወጣበት ተዳፋት ካገኘ በሥሮቹ ላይ ይወጣል፤ ወንዶቹ ግን ስለሚጣሉ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፤ የመዝለል ኃይላቸውም ብርቱ በመሆኑ የገንዳው ጠርዝ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ከአፉ ውሃ ተኩሶ በቅጠል ላይ ያሉ ነፍሳትን የሚያወርደው አርቸር ዓሣ የዚህ ዓይነት ሥፍራ ተወላጅ ነው፤ ይሁን እንጂ ትልቅ ስለሚሆን ለትንሽ ገንዳ አይመከርም። ሸርጣን ሲመረጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ እጁ የገዘፈው ፊድለር ሸርጣን ምግቡን ከጭቃው ስለሚለቅም ዛፉን አይጎዳም፤ አራተስ የሚባለው ዛፍ ወጪ ሸርጣን ግን የሚመገበው የቀይ ማንግሮቭን ቅጠል ነው።

ቡቃያ ከዱር መልቀም ከመታሰቡ በፊት የአካባቢው ሕግ ሊጠየቅ ይገባል። በፍሎሪዳ ለምሳሌ ማንግሮቭን መቁረጥና መግረዝ የሚቆጣጠር ሕግ ከ1996 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ በሌሎች ብዙ የባሕር ጠረፎችም ተመሳሳይ ጥበቃ አለ። በሌላ በኩል ዛፉ የአገሩ ተወላጅ ባልሆነበት ሥፍራ ወራሪ ሊሆን ይችላል። ቀይ ማንግሮቭ በ1902 ወደ ሃዋይ ሞሎካይ ደሴት ጭቃ እንዲያግድ ተብሎ ተወስዶ ከተተከለ በኋላ በደሴቶቹ ጠረፍ ተስፋፍቶ፣ ዛሬ በብዙ ድካም የሚነቀል አረም ሆኗል። ስለዚህ የተረፈ ቡቃያ ወይም ከገንዳው የበዛ ዛፍ ወደ ወንዝ፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ባሕር ሊጣል አይገባም፤ ለሚያሳድግ ሌላ ሰው ይሰጥ፣ ካልሆነም ተቆራርጦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ይወገድ።